ስቶክሆልም በሁለት ቀን፦ በሾዋክ በኩል የተሰደዱ ቤተሰቦች ምን ይዘው ይጓዛሉ?

በምሥራቅ ሱዳን ከገዳሪፍ ወደ ካሳላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ የምትገኘው ሾዋክ ትልቅ ከተማ አይደለችም። ሆኖም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ለተሰደዱ ሰዎች ስሟ ከምዝገባ፣ ከመታወቂያና ከረጅም ጥበቃ ጋር የተያያዘ ነው። የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽንም ሆነ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በአካባቢው ላሉት መጠለያዎች የሚሆኑ ቢሮዎች የነበሯቸው በዚያ ነው። ወንዙም ለስደተኛው ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም፤ ሱዳናውያን ሰቲት የሚሉት ተከዜ ከአትባራ ጋር የሚቀላቀለው በዚያው አካባቢ ነው።

ከእነዚያ መጠለያዎች ሦስተኛ አገር ያገኙት ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ አልሄዱም። አንዱ ስዊድን ሲደርስ ሌላው ጀርመን ወይም ኖርዌይ፣ የቀረው አሜሪካ ወይም ካናዳ ገባ። በአንድ ጣሪያ ሥር ያደሩ እህትና ወንድም በተለያዩ አገሮች ኑሮ መሠረቱ። ስለዚህ ስቶክሆልም ለብዙ ሐበሻ እንግዳ በመጀመሪያ የዘመድ ከተማ ናት። ሙዚየሙና ቤተ መንግሥቱ የሚታዩት ከቡናው በኋላ ነው።

ፓስፖርት የሚመስለው ሰነድ

የተቀበለውን አገር ዜግነት ያገኘ ሰው በዚያው አገር ፓስፖርት ይጓዛል፤ ጉዳዩ ቀላል ነው። ዜግነት ገና ያላገኘ ስደተኛ ግን የሚይዘው በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት የሚሰጠውን የጉዞ ሰነድ ነው። ለምሳሌ በጀርመን ጥገኝነት ያገኘ ሰው ይህን ሰነድና የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ያለ ቪዛ ስዊድን መግባት፣ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥም እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ይህ መብት የለውም።

በሼንገን አገሮች መካከል ድንበር የለም የሚለው አባባል ብዙዎችን ያዘናጋል። ስዊድን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በውስጥ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር ስታደርግ ቆይታለች። ከኮፐንሃገን በኦሬሱንድ ድልድይ የሚሻገር መንገደኛ ባቡሩ ውስጥ በፖሊስ ሊጠየቅ ይችላል። የጉዞ ሰነዱም የመኖሪያ ፈቃዱም በእጅ መኖር አለባቸው፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ አይተካቸውም።

ሰነዱ የማይከፍተው አንድ በር አለ፤ እርሱም ባለቤቱ የሸሸው አገር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስቶክሆልም አርላንዳ ድረስ ይበራል፤ ወንድሙን ሊጠይቅ የመጣው ስደተኛ አውሮፕላኑን በዓይኑ ያየዋል እንጂ ወደ አዲስ አበባ አይሳፈርበትም። ወደ አገሩ ቢመለስ ጥበቃው ሊነሳ ይችላል።

በ14 ደሴቶች ላይ

ከተማዋ በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች በመሆኗ ለሁለት ቀን ጎብኚ እግር ከመኪና ይሻላል። ጋምላ ስታን የሚባለው አሮጌው ሰፈር፣ ቤተ መንግሥቱና የከተማው ማዘጋጃ ቤት በእግር ይዳረሳሉ። የኖቤል እራት የሚበላው በዚህ ማዘጋጃ ቤት ነው። ኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያምታቱት ነገር ቢኖር የሰላሙ ሽልማት የሚሰጥበትን ስፍራ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2019 የተቀበሉት በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ነበር። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1924 ስቶክሆልምን ሲጎበኙ ይህ ማዘጋጃ ቤት ከተመረቀ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ስዊድናውያንም በበኩላቸው በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ የቀይ መስቀል ጓዳቸው በ1935 መልካ ዲዳ ላይ በጣልያን አውሮፕላኖች ተደብድቧል።

ጊዜ ለአንድ ሙዚየም ብቻ ቢበቃ ምርጫው ቫሳ ነው። ይህ 64 መድፍ የተጫነበት የጦር መርከብ ነሐሴ 10 ቀን 1628 ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራውን ዘርግቶ ሲወጣ 1,300 ሜትር ያህል እንደተጓዘ ነፋስ አጋደለውና በሕዝብ ፊት ሰጠመ። መርከቡ ከላይ የከበደ ነበር። ከጉዞው በፊት 30 ሰዎች በመርከቡ ወለል ላይ ከዳር ዳር እንዲሮጡ ተደርጎ ተሞክሯል፤ አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሲወዛወዝ ሙከራው ተቋረጠ። ንጉሡ ጉስታቭ አዶልፍ በውጭ አገር ዘመቻ ላይ ሆነው መርከቡ ቶሎ እንዲወጣ ይወተውቱ ስለነበር ጉዞውን የሚያስቆም አልተገኘም። ምርመራ ተካሂዶም የተቀጣ ሰው የለም። የባልቲክ ባሕር ጨው አነስተኛ በመሆኑ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል በዚያ አይኖርም፤ በዚህ ምክንያት መርከቡ ከ333 ዓመት በኋላ በ1961 ሲወጣ አብዛኛው አካሉ ሳይበሰብስ ተገኘ።

የምድር ባቡሩ ራሱ ይጎበኛል፤ በርካታ ጣቢያዎች በሠዓሊዎች ያጌጡ ናቸው፤ አንድ ትኬትም 75 ደቂቃ ያገለግላል። ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ብዙ ስለሆኑ የባንክ ካርድ የሌለው እንግዳ ይቸገራል። በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ በሰኔ ደግሞ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ታበራለች።

አሁንም በገዳሪፍ ላሉት

ጉዞው ከመጠለያ ለሚጀምር ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። ሱዳን የ1951ዱን ስምምነት ስትቀበል ስለ ስደተኞች የመዘዋወር ነፃነት የሚናገረውን አንቀጽ 26ን በተመለከተ ተአቅቦ አስመዝግባለች፤ በኡም ራኩባ ወይም በቱናይድባ ያለ ስደተኛ ከመጠለያው ለመውጣት ፈቃድ ይጠየቃል። የሼንገን የጎብኚ ቪዛ ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ያስፈልጋል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው አመልካቹ ወደ መጣበት እንደሚመለስ ማሳመን ነው። በስቶክሆልም የምትኖር እህት የግብዣ ደብዳቤ ብትልክ ይረዳል እንጂ ዋስትና አይሆንም።

ቤተሰብን ለማገናኘት የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ከጎብኚ ቪዛ የተለየ ሲሆን ማመልከቻውን የሚመረምረው የስዊድን የፍልሰት መሥሪያ ቤት ነው። አመልካቹ በአብዛኛው በውጭ አገር ባለ ኤምባሲ ቀርቦ ማንነቱን ማስረዳት ይኖርበታል። ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ሲፈነዳ ግን ምዕራባውያን አገሮች ዲፕሎማቶቻቸውን ከካርቱም አስወጥተዋል። ከመጠለያው ለመውጣት ፈቃድ የሚያሻው ሰው ለቃለ መጠይቁ ሌላ ድንበር መሻገር ሊኖርበት ነው።