ያውቁ ኖሯል? በጃፓን ኮምፒውተር «ኤ» ሁለት ነው

በጃፓን ኮምፒውተሮች ላይ የእንግሊዝኛው «ኤ» ሁለት የተለያየ ፊደል መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አንዱ ቀጭን ነው፤ ሌላው የአንድ ካንጂ (ጃፓኖች የሚጠቀሙበት የቻይና ፊደል) ያህል ሰፊ። ለዓይን አንድ ይምሰሉ እንጂ ማሽኑ የሚያውቃቸው በየራሳቸው መለያ ቁጥር ነው፤ ቀጭኑን ጽፈው ሲፈልጉ ሰፊውን ላያገኝልዎ ይችላል።

የድሮዎቹ ስክሪኖች እኩል በሆኑ ትናንሽ ሳጥኖች የተከፋፈሉ ነበሩ። ለላቲን ፊደል አንድ ሳጥን ይበቃዋል፤ ጭረቱ የበዛው ካንጂ ግን ሁለት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የጃፓን የፊደላት መለያ ደንብ ከ6,000 ከሚበልጡ ካንጂዎች ጋር የላቲን፣ የግሪክና የሩሲያ ፊደላትንም መዘገበ፤ እነሱም እንደ ካንጂው ሁለት ሁለት ሳጥን ያዙ።

በዚህም የተነሳ የግሪኩ አልፋ አቴንስ ላይ አንድ ሳጥን ሲይዝ ቶኪዮ ላይ ሁለት ሊይዝ ይችላል። የዓለም ፊደላትን ቁጥር የሚሰጠው ደንብ፣ ዩኒኮድ፣ እንዲህ ያሉትን ፊደላት ስፋታቸው «አሻሚ» ብሎ መድቧቸዋል። ፕሮግራሙ አንድ፣ ስክሪኑ ሁለት ብሎ ከቆጠረ ጠቋሚው ከፊደሉ ይርቃል፤ የሠንጠረዡም መስመር ይዛነፋል።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም የጃፓን ድረ ገጽ ላይ ፎርም ቢሞሉ ስልክዎን በቀጭን አሃዝ፣ አድራሻዎን በሰፊው እንዲጽፉ ሊጠየቁ ይችላሉ። ስልኩን በሰፊው ከጻፉት፣ አሃዞቹ አንድም ሳይሳሳቱ፣ «ስህተት» ተብሎ ሊመለስልዎ ይችላል።