አንድ ጦርነት፣ ሦስት መታሰቢያ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አበው። እውነታቸውን ነው። ታዲያ በአንድ አገር ውስጥ ሁሉም ወግቶ ሁሉም ሲወጋስ? ጦርነቱ ያበቃበት ዕለት በየዓመቱ ሲመጣ እልል ይባልበታል ወይስ ይለቀስበታል? ነገ ክፍል ገብተን ታሪክ ለምናስተምር ሰዎች ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። መልስ ስፈልግ ግልጽ ምሳሌ ሆኖ ያገኘሁት የቬትናም ጦርነት ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንዴት ተጀመረ? እንዴትስ አለቀ?

ቬትናም የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። በ1954 የፈረንሳይ ጦር ዲየን ቢየን ፉ በተባለው ቦታ ድል ሆነ። በዚያው ዓመት ጄኔቭ ላይ በተደረገው ስምምነት አገሪቱ በ17ኛው የኬክሮስ መስመር ለጊዜው ለሁለት ተከፈለች። ሰሜኑን በሆ ቺ ሚን የሚመራው የኮሙኒስቶች መንግሥት፣ ደቡቡን ደግሞ በአሜሪካ የሚደገፍ መንግሥት ያዘው። በ1956 ምርጫ ተደርጎ አገሪቱ አንድ ትሆናለች ተብሎ ነበር፤ ምርጫው ግን ሳይደረግ ቀረ። ጦርነቱም እየተፋፋመ ሄደ። በ1965 የአሜሪካ ተዋጊ ጦር ዳ ናንግ ላይ ወረደ፤ በ1969 ቁጥሩ ከ540,000 በላይ ደርሶ ነበር።

ይህ ጦርነት ሁለት አገሮችን ከውስጣቸው ከፍሏል። በቬትናም አንዱ ወንድም ለሰሜን፣ ሌላው ለደቡብ የተሰለፈበት ቤተሰብ ነበር። በአሜሪካም አባት «ግዴታ ነው» ሲል ልጅ «አልዘምትም» እያለ ተጣልቷል። ሜይ 4 ቀን 1970 ኬንት ስቴት በተባለው የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ተኩሰው 4 ተማሪዎች ገደሉ።

በጃንዋሪ 1973 ፓሪስ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ማርች 29 ቀን የመጨረሻው የአሜሪካ ተዋጊ ጦር ወጣ። ቬትናማውያን ግን እርስ በርስ መዋጋታቸውን አላቆሙም። በመጨረሻ ኤፕሪል 30 ቀን 1975፣ በእኛ ሚያዝያ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የሰሜን ታንኮች ሳይጎን የሚገኘውን ቤተ መንግሥት በር ጥሰው ገቡ። የደቡቡም መንግሥት እጁን ሰጠ።

ሦስቱ መታሰቢያዎች

እንግዲህ ጦርነቱ አንድ ነው፤ መታሰቢያው ግን ሦስት ሆነ።

በቬትናም ኤፕሪል 30 አገር አንድ የሆነችበት የድል በዓል ነው። በ2025 50ኛው ዓመት ሲከበር የቀድሞዋ ሳይጎን፣ የአሁኗ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ ታላቅ የሰልፍ ትርኢት ታይቶባታል።

ከአገር ለወጡት የደቡብ ሰዎች ግን ያው ቀን የሐዘን ቀን ነው፤ ወሩን «ጥቁር ኤፕሪል» ይሉታል። ለምን ቢባል፣ ከድሉ በኋላ እጅግ ብዙ የደቡብ ወታደሮችና ሹማምንት «የተሐድሶ ትምህርት» በተባሉ ካምፖች ታስረዋል። ከ1975 እስከ 1995 ወደ 800,000 የሚጠጉ ሰዎች በጀልባ ባሕር አቋርጠው ሌላ አገር ደርሰዋል፤ ባሕር ላይ የቀሩትም ብዙ ናቸው።

አሜሪካኖች ደግሞ ሌላ ቀን መረጡ። በ2017 በወጣው ሕግ የቬትናም ዘማቾች ቀን ብለው የሚያስቡት ማርች 29ን፣ ማለትም ጦራቸው የወጣበትን ቀን ነው። እነሱ ከወጡ በኋላ የሞተው ቬትናማዊ በዚህ ቀን ውስጥ አይገባም ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም ውሸት አልተናገረም። ቀን መምረጥ ብቻውን ግን ማን እንደሚታሰብና ማን እንደሚረሳ ይወስናል።

ስም ብቻ የተጻፈበት ግንብ

በዋሽንግተን ከተማ በ1982 የተመረቀ መታሰቢያ አለ። ንድፉን ያወጣችው ማያ ሊን የተባለች የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ከእኛ ዕድሜ ብዙም አትርቅም እኮ! 1,421 ንድፎች ቀርበው የእሷ ተመረጠ። ንድፉም ወደ መሬት ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ማዕዘን ላይ የሚጋጠም፣ የሁለት ክንፍ ጥቁር ግንብ ነው፤ እያንዳንዱ ክንፍ 75 ሜትር ያህል ይረዝማል። ጄኔራል የለበትም፤ ፈረስ የለበትም፤ «ድል» የሚል ቃል የለበትም። ከ58,000 የሚበልጡ የሟቾችና የጠፉ ሰዎች ስም ብቻ፣ ማዕረግ ሳይጨመር፣ በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ተቀርጾበታል። ዝርዝሩ ከማዕዘኑ ተነሥቶ ዞሮ እዚያው ማዕዘን ላይ ስለሚያልቅ መጀመሪያ የሞቱትና መጨረሻ የሞቱት ጎን ለጎን ይገናኛሉ።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ዘማቾች ተቆጥተው ነበር። ጥቁርነቱንና መሬት ውስጥ መግባቱን እንደ ውርደት ቆጠሩት። ለማስታረቂያ በ1984 የሦስት ወታደሮች ሐውልት አጠገቡ ተተከለ። ሲውል ሲያድር ግን ጦርነቱን የደገፈውም የተቃወመውም ሰው ወደ ግንቡ ይመጣ ጀመር። ሰዉ የዘመዱን ስም ይፈልጋል፤ በጣቱ ይዳስሳል፤ ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ይገለብጠዋል። ድንጋዩ ስለሚያብረቀርቅ የራሱን ፊት ከስሞቹ መካከል ያያል። ግንቡ ጦርነቱ ትክክል ነበር ወይም አልነበረም ብሎ ስለማይፈርድ፣ የተጣሉ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ለመቆም ቻሉ።

ነገር ግን ጉድለት አለበት። የቬትናም መንግሥት በ1995 ባወጣው ግምት ከሰሜንም ከደቡብም 2 ሚሊዮን ያህል ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። በሰሜን ወገን የተሰለፉት ሟቾች ሲጨመሩ ቁጥሩ 3 ሚሊዮን ያልፋል። እስቲ እንደ መምህር ሒሳቡን እንሥራው፦ 58,000 ስም 150 ሜትር ግንብ ከፈጀ፣ 3 ሚሊዮን ስም ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጃል። የእነዚህ ሰዎች ስም ዋሽንግተን ላይ የለም።

በቬትናምም ቢሆን ነገሩ እኩል አይደለም። የሰሜን ወታደሮች ከ10,000 በላይ መቃብር ባለበት በትሩኦንግ ሶን በክብር ያርፋሉ። በቢየን ሆአ ያለው የደቡብ ወታደሮች መቃብር ግን እስከ 2006 ድረስ በወታደር ቁጥጥር ሥር ስለነበረ ዘመድ እንደ ልቡ ገብቶ የልጁን መቃብር ሊያጸዳ አልቻለም። እንዴ! የሞተ ሰው ምን ያደርጋል?

የአሸናፊው ቃል

ቮ ቫን ኪየት በአሸናፊው ወገን የታገሉ፣ ከ1991 እስከ 1997 የቬትናም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። በጦርነቱ ሚስታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን አጥተዋል። በ2005 ድሉ 30 ዓመት ሲሞላው የተናገሩት ቃል ብዙ ሰው አስገረመ፦ ይህ ቀን ሲታሰብ ሚሊዮኖች ይደሰታሉ፣ ሚሊዮኖች ደግሞ ያዝናሉ፤ ቁስሉ የጋራችን ስለሆነ ልናክመው ይገባል እንጂ ደም እንዲፈስበት መነካካት የለብንም አሉ። የታገሉለትን ዓላማ አልካዱም፤ የሌላውንም ለቅሶ አልከለከሉም። እኔ የምለውም ይህንኑ ነው። መፍረድና ማዘን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጦርነቱን ማን ጀመረ፣ ማን ምን በደለ የሚለው በማስረጃ ይፈረዳል፤ ማዘን ግን ለሁሉም ሊፈቀድ ይገባል። የተሸነፈው ወታደር እናት ልጇን በግልጽ ማልቀስ ካልቻለች ጦርነቱ ቆመ እንጂ አላለቀም።

ለእኛ ለመምህራኑስ?

በአገራችንም ተማሪው የየቤቱን የጦርነት ወሬ ይዞ ነው ክፍል የሚገባው። የአንዱ አባት በዚህኛው፣ የሌላው አባት በዚያኛው ወገን ተሰልፎ ይሆናል፤ ሁለቱ ልጆች ግን አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። እንግዲህ መምህሩ ሦስት ነገር ቢያደርግ መልካም ነው። አንደኛ፣ ቀኑ ሲነገር «ይህን ቀን ማን መረጠው? ማንን ይረሳል?» ብሎ ያስጠይቅ። ሁለተኛ፣ የሁሉንም ወገን ሙታን ይቁጠር። ሦስተኛ፣ ማንንም ልጅ በጓደኞቹ ፊት አስነሥቶ «ያንተ ወገን የትኛው ነው?» አይበል። መረጃውን ሳይደብቅ ያስተምር፤ ልጁ ግን በአባቱ እንዲያፍር አያድርግ።

በዚህ የማይስማማ ሠልጣኝ ወይም መምህር ካለ ሐሳቡን ጽፎ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ እንወያይበታለን።