«ለምን?» ሲባል የሚመልስ ፕሮግራም

እ.ኤ.አ. በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ታዋቂ የምጣኔ ሀብት ምሁራን፣ የመንግሥት ዕዳ ከአገር ውስጥ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት ክፉኛ እንደሚያሽቆለቁል የሚገልጽ ጥናት አወጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ አምኸርስት፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን የኤክሴል ሰነዱን አግኝቶ ሲመረምር፣ አማካዩን የሚያወጣው ቀመር ከ30ኛው እስከ 49ኛው ረድፍ መድረስ ሲገባው 44ኛው ላይ ቆሞ አገኘው። አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ ከስሌቱ ውጭ ቀርተው ነበር። ጥናቱን ያስተቸው ይህ ብቻ አልነበረም፤ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ስሕተቱ የተደበቀበት ቦታ ነው። ሰንጠረዡ ፊት ለፊት የሚያሳየው የመጨረሻውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከየትኞቹ ረድፎች እንደተሰበሰበ ማወቅ የፈለገ ሰው ሴሉን ከፍቶ ቀመሩን ማንበብ አለበት፤ የሚያምር ቁጥር እያየ ይህን የሚያደርግ ደግሞ ጥቂት ነው።

ኤክሴል ላይ ቀመር የሚጽፍ ሰው ራሱን ፕሮግራመር ብሎ አይጠራም እንጂ የሚጽፈው ፕሮግራም ነው፤ ያውም ዲክላሬቲቭ በሚባለው ስልት። እንደ ሲና ጃቫ ባሉት ቋንቋዎች ፕሮግራመሩ ኮምፒውተሩን «መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ያንን» እያለ በደረጃ ያዘዋል። በዲክላሬቲቭ ቋንቋ የሚነገረው የሚፈለገው ነገር ነው፤ እንዴት እንደሚገኝ ማሽኑ ይወስናል። የዳታቤዙ ኤስኪውኤልና የሎጂክ ቋንቋው ፕሮሎግም ከዚሁ ወገን ናቸው። ይህ ሁሉ የሚያምረው መልሱ ትክክል እስከሆነ ድረስ ነው። በደረጃ የተጻፈ ፕሮግራም ሲበላሽ ዲበገር የሚባለውን የስሕተት ማፈላለጊያ ከፍቶ መስመር በመስመር መከተል ያዋጣል፤ መስመሮቹን የደረደረው ራሱ ጸሐፊው ነውና። እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ የማሽኑ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ቋንቋዎች የልማት መሣሪያ የሚነድፍ ሰው «ቀጥሎ ምን ተደረገ?» ከሚለው አስቀድሞ «ይህ መልስ ለምን መጣ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ አለበት ባይ ነኝ።

ልዩነቱ ፕሮሎግ ላይ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1972 በፈረንሳይዋ ማርሴይ በአለን ኮልሜሮዌርና በባልደረቦቹ የተፈጠረው ይህ ቋንቋ የሚጻፈው በእውነታና በደንብ ነው። እንበልና «አበበ የታደሰ ልጅ ነው»፣ «ከበደ የታደሰ ልጅ ነው» ብለን አስገባን፤ ቀጥለንም «ሁለት ሰዎች የአንድ ሰው ልጆች ከሆኑ ወንድማማቾች ናቸው» የሚል ደንብ ጻፍን። የአበበ ወንድም ማነው ብለን ስንጠይቅ ከከበደ በፊት አበበ ራሱ ከች ይላል! ሁለቱ ሰዎች የተለያዩ መሆን እንዳለባቸው ደንቡ አልተናገረማ። ሎረንስ በርድ እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረበውና ዛሬም የሚሠራበት መከታተያ እያንዳንዱን ጥያቄ በአራት በሮች ይመለከታል፦ መግባት፣ ተሳክቶ መውጣት፣ ሌላ መልስ ፍለጋ መመለስ፣ ሳይሳካ መቅረት። በእኛ ምሳሌ ላይ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ እያለ ያልፋል፤ ምንም ያልተሳካ ነገር የለም። ኢሁድ ሻፒሮ ግን እ.ኤ.አ. በ1982 በዬል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ ሥራውን ገለበጠው፤ ጠያቂው ዲበገሩ ይሁን አለ። «አበበ የአበበ ወንድም ነው?» አይደለም። «አበበ የታደሰ ልጅ ነው?» አዎ። መነሻዎቹ ሁሉ እውነት ሆነው ድምዳሜው ሐሰት ከወጣ፣ ጥፋተኛው ሁለቱን ያገናኘው ደንብ ነው። ማሽኑ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተጓዘ ማወቅ አላስፈለገም።

ይህን ሁሉ ጥያቄ ማን ቁጭ ብሎ ይመልሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ሻፒሮ ራሱ አስቦበት ነበር፦ ከመሃል ጀምሮ በእያንዳንዱ መልስ የተጠርጣሪዎቹን ግማሽ ያህል ማስወጣት። አካሄዱ ከሰመረ ከ1,000 መካከለኛ ውጤቶች ውስጥ ጥፋቱን ለማግኘት ወደ 10 የሚጠጉ ጥያቄዎች ይበቃሉ። ከዚህ የሚከብደው ግን «ይህ ባለ 5,000 ረድፍ ሰንጠረዥ ትክክል ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። አዎ ወይም አይደለም ለማለት የሚደፍር የለም። መሣሪያው አጠራጣሪ የመሰለውን አንድ ረድፍ ነጥሎ ካላቀረበ ዘዴው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሌሎች ደግሞ፣ የማሽኑን ውስጥ ማየት ካስፈለገ «የምትፈልገውን ብቻ ተናገር» የተባለው ቃል ፈረሰ ይላሉ። የመልሱን ትክክለኛነት በተመለከተ አልፈረሰም፤ የወንድማማቾቹ ምሳሌ እንዳሳየው ምርመራው በደንቦቹ ደረጃ ያልቃል። በፍጥነት በኩል ግን እውነት አላቸው። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ የዘገየን ጥያቄ «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» በሚለው ትእዛዝ ብናስመረምር፣ ዳታቤዙ የመረጠውን መንገድ ከግምቱና ከተገኘው ጋር ይዘረዝራል። 1 ረድፍ ጠብቆ 100,000 ካገኘ መንገዱን የመረጠው በተሳሳተ ግምት ነው። (ዝርዝሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚነበብ ጀማሪን ማስመረሩ ሌላ ጉዳይ ነው።) ሁለቱ ጥያቄዎች ሁለት መስኮት ይፈልጋሉ፤ የመልሱን ምክንያት የሚፈልግን ሰው የፍጥነቱን ዝርዝር ማሸከም አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው ባዶ መልስ ነው። የታካሚዎች መዝገብ ላይ ስሟ «ጸሀይ» ተብሎ የገባን ሴት «ፀሐይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ዜሮ ረድፍ ነው፤ ለኮምፒውተሩ «ፀ» እና «ጸ»፣ «ሐ» እና «ሀ» የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። ስሕተት የሚል መልእክት አይወጣም፤ ጥያቄው በትክክል ተመልሷል። አድሪያን ቻፕማንና ጃጋዲሽ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ «ለምን አልመጣም?» የሚል ጥያቄ ያጠኑ ሲሆን፣ አካሄዳቸው የጠፋውን ረድፍ የጣለውን የጥያቄ ክፍል መፈለግ ነው። ዕድሜ፣ ከተማና ስም ቢጠየቅ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መስፈርቶች በኋላ 212 ሰዎች ቀርተው ስሙ ላይ ዜሮ መድረሱን ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል። ጥያቄውን በየቁራጩ ዳግም ማስኬድ በትልቅ ዳታቤዝ ላይ ጊዜ ይወስዳል መባሉ ልክ ነው፤ ግን ሁልጊዜ መሠራት የለበትም። መልሱ ባዶ ሲሆንና ተጠቃሚው «ለምን አልመጣም?» የሚል ቁልፍ ሲጫን ብቻ ይሠራ፤ ያኔ ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ለታካሚዋ ሁለተኛ ካርድ ከሚያወጣላት ይሻላል።