አሥር አለቃው ከተበተኑ በኋላ

ደባርቅ፣ ከመናኸሪያው ብዙም የማይርቅ ፎቶ ቤት ውስጥ ወረቀት ላባዛ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ የቆመው ጎልማሳ ከፌስታል ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ መታወቂያ አወጣ። የአባቱ ነው። ለአርባቸው የሚሆን ትልቅ ፎቶ እንዲሠራለት ፈልጓል፤ ከዚያች ጉርድ ፎቶ በቀር አባቱ ለብቻቸው የተነሡት ምስል ቤት ውስጥ የለም። የፎቶ ቤቱ ልጅ ለሟች ሁሉ እንደሚያደርገው በኮምፒውተሩ ሱፍና ከረባት ያለብሳቸው ጀመር። ጎልማሳው ዝም አለ። ጥግ ላይ በርጩማ ይዘው የተቀመጡት ጥቁር የለበሱ እናት ግን ብድግ አሉ። «ተው ልጄ፣ እሱ ሱፍ ለብሶ አያውቅም። የለበሰውን ተውለት።»

የለበሱት የወታደር ልብስ ነው።

የሴትዮዋ ድምፅ ከጆሮዬ አልጠፋ ስላለ ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ። ቤተሰቡ ስም እንዳልጠቅስ ስለለመነኝ ሟቹን ጎረቤት በሚጠራቸው ማዕረግ፣ አሥር አለቃው እያልኩ እቀጥላለሁ። በወታደርነት አሥራ አራት ዓመት አገልግለዋል። ቀሪውን ዕድሜያቸውን የኖሩት ለሚስታቸው፣ ለአራት ልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ነው። የመጀመሪያውን አገልግሎት የሚያውቅ መዝገብ አልተገኘም። ሁለተኛውን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል።

በዳባትና በደባርቅ መካከል ካለ ቀበሌ የተወለዱ የገበሬ ልጅ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ ከገበሬ ማኅበሩ ተመልምለው ታጠቅ ወረዱ። ታጠቅ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው ገበሬ በጥቂት ወራት ሥልጠና ሚሊሺያ ሆኖ የወጣበት ሰፈር ነው። አሥር አለቃው የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሲበሰር በዚያ ግንባር ነበሩ። ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ተዛወሩ። በ1974 የቀይ ኮከብ ዘመቻ ናቅፋ ተራራ ሥር ከረሙ። መጋቢት 1980 ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ሲደመሰስ ከተረፉት አንዱ ሆኑ። ፊደል የቆጠሩትም እዚያው ምሽግ ውስጥ ነው፤ ያስተማራቸው የጎጃም ልጅ የሆነ የደብተራ ተማሪ እንደነበር ለልጆቻቸው ይነግሩ ነበር።

«የልጆቼን ዕድሜ የምቆጥረው በእሱ ፈቃድ ነው» አሉኝ ባለቤታቸው። «ትልቋ ከካራማራ መልስ። ይሄ ልጅ ደግሞ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ። ለፈቃድ ሲመጣ ወር አይሞላም፤ ያችኑ ወር ግን አጥር ያጥራል፣ ጎተራ ይመርጋል፣ እንጨት ይፈልጣል። የአንድ ዓመት ሥራ ሠርቶልኝ ይሄዳል። እኔ እንኳ አንዳንዴ ‹አረፍ በል፣ ልይህ› እለው ነበር።»

ከዚያ ፈቃዱ ቆመ። በ1983 ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በቴዎድሮስ ዘመቻ ጎንደርና አካባቢዋ በኢሕአዴግ እጅ ሲገቡ አሥር አለቃው ገና ኤርትራ ነበሩ። ቤታቸው ያለበት አገር በሌላው ወገን ተይዞ፣ እሳቸው የደርግ መንግሥት ከአካባቢያቸው ከሄደ በኋላም ለእሱ ይዋጉ ነበር ማለት ነው። ደብዳቤም የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ግንቦት ላይ ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ሲፈርስ ከብዙ ሺህ ጓዶቻቸው ጋር በከረን በኩል ወደ ከሰላ በእግራቸው ሄዱ። በዚያ በረሃ በውኃ ጥም የቀረው ወታደር ብዙ ነው። ከሱዳን በመተማ ተመልሰው፣ የተሃድሶ ጣቢያ ቆይተው፣ አንድ ማለዳ ደጃፋቸው ላይ ቆሙ።

«ጫማ የለው። እግሩን ሳጥበው ጥፍሩ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ልጆቹ ፈርተው ምሰሶ ሥር ተሸጎጡ፤ ትንሿ ጭራሽ አታውቀውም። አንድ ቀን ዋለ፣ ተኛ። በማግስቱ ብፈልገው የለም። የወንድሙን በሬ ተውሶ ማሳው ላይ አገኘሁት። እያለቀሰ ያርሳል፤ እንዳየሁት አላወቀም፤ ተመለስኩ።»

ሰኔ 1983 የቀድሞውን ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። የተበተነው ሠራዊት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ነበር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያን ብተና ከናሚቢያና ከኡጋንዳ ጋር አነጻጽሮታል፤ በቁጥር ሁለቱም አይቀራረቡትም። ወደ ገጠር የተመለሰው ወታደር የእህል ርዳታና የእርሻ ድጋፍ አገኘ። በዚህ ቤትም ስንዴው ለተወሰኑ ወራት አገልግሏል። ከዚያ ወዲያ ግን ቤቱን ያኖሩት እሳቸው ናቸው። አንድ በሬ ገዝተው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ አረሱ፤ ገብስና ድንች ዘሩ። በበጋ ወደ ደባርቅ እየወጡ ለመንገድና ለሕንፃ ሥራ ድንጋይ ፈለጡ። ቱሪስት ሲበዛ በቅሎ ጭነው ወደ ሳንካበር፣ ግጭና ጨነቅ የእንግዳ ዕቃ አመላለሱ። አብሯቸው ተራራ የወጣ አስጎብኚ እንደነገረኝ ወታደር እንደነበሩ ሥራ ላይ ለማንም ትንፍሽ አይሉም ነበር። በዚያ ዘመን «የደርግ ወታደር» መባል ስድብ ነበር፤ ሥራም ያስከለክል ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ሠራዊቱ አልፈረሰም። ጠዋት ልጆቻቸውን በቁመት አሰልፈው ጥፍርና ጆሮ ይፈትሻሉ። ማታ የሁሉንም ጫማ ጠራርገው በር ላይ በረድፍ ይደረድራሉ። ሚስታቸው ሲወልዱ ውኃ የቀዱት፣ እንጀራ የጋገሩት እሳቸው ናቸው፤ በሀገሬው ዘንድ ወንድ የማይነካውን ምጣድ ነክተው መሣቂያ ቢሆኑም ግድ አልነበራቸውም። በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ የወር ገቢና ወጪ ይጽፋሉ። ደብተሩን አገላብጬዋለሁ፦ «ጨው፣ ላምባ፣ የትምህርት ቤት፣ የትምህርት ቤት፣ የበሬ መድኃኒት፣ የትምህርት ቤት»። ለራሳቸው ተብሎ የተጻፈ አንድ መስመር አላገኘሁም። በዚያ ደብተር ትልቋ ልጃቸው ጎንደር መምህራን ኮሌጅ ገብታ ተመርቃለች።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስ፤ ስለ ወታደርና ስለ ድካሙ ዋጋ በዚህ አገር ብዙ ታሪክ አለ። ከደባርቅ በስተ ምሥራቅ፣ ጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ ማርያም ትገኛለች። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ሺምፐርና ዛንደር የተባሉ ሁለት ጀርመኖች አግዘዋቸው ነው፤ አንዱ የዕፅዋት ሊቅ፣ ሌላው ሠዓሊ። የካቲት 1847 ካሳ ኃይሉ ውቤን ድል አድርገው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ቴዎድሮስ ካሰቧቸው ነገሮች አንዱ ወታደሩ በገበሬው ቤት ተሠሪ ሆኖ ከመብላት ይልቅ ደመወዝ እንዲቆረጥለት ነበር። ሐሳቡ ዕድሜ አላገኘም። ከሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ፣ ወታደር ድካሙ የሚቆጠርለት በመሬት ነበር።

ወልቀፊትን ያዩ ያውቁታል፤ ከደባርቅ አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ገደል ከመውረዱ በፊት ያለው አፋፍ ነው። እዚያ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር አርበኞችና እንግሊዞች ከበውት መስከረም 1934 እጁን ሰጠ፤ ጎንደር ራሷ የወደቀችው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለአርበኛ፣ ለስደተኛና ለወታደር መሬት ሰጡ፤ አንድ ጋሻ መሬት ወደ 40 ሄክታር ይሆናል። ለሁሉም አልደረሰም፤ የደረሰውም ብዙ ጊዜ በደቡብ ጭሰኛ ትከሻ ላይ ያረፈ ነበር፤ ፍትሐዊ ነበር አልልም። ግን የወታደሩ ድካም ዓይን የሚያየው፣ ጎረቤት የሚመሰክረው ነገር ሆኖ ይሰጠው ነበር። በ1967 መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የወታደር ድካም የሚቆጠረው በፋይል ነው። ፋይል የሌለው እንዳልዘመተ ሆነ።

የጡረታ ሕጉ ለዕድሜ ልክ አበል ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። አሥር አለቃው አሥራ አራት አላቸው። ደጋግመው አመልክተዋል። አንዴ ማኅደርህ አልተገኘም፣ አንዴ በሚሊሺያ ነው የተቀጠርከው፣ አንዴ የቅጥር ደብዳቤ አምጣ ይባላሉ። ታጠቅ የገባ ገበሬ የቅጥር ደብዳቤ ከየት ያመጣል? ዋናው ሰነድ ከነበረም አሥመራ ቀርቷል ወይ ተቃጥሏል። በእጃቸው ያለው ያ መታወቂያና የተሃድሶ ጣቢያው ወረቀት ነው። ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ ቢሯቸው ሄጄ ጠየቅሁ፦ መዝገባቸው የጠፋባቸው የቀድሞ ወታደሮች በሰው ምስክር እንዲጣራላቸው የተያዘ ነገር አለ ወይ? ኃላፊው መልስ አልሰጡኝም። «ይኼ ከላይ የሚታይ ነው» ብለው ሻይ አዘዙልኝ። ከላይ ማን እንደሆነ ስጠይቅ ስብሰባ እንዳላቸው ነገሩኝ።

«ጡረታ ቢሰጡት ጫማ ይገዛ ነበር አልልህም» አሉ ባለቤታቸው። «ደብተር ነበር የሚገዛው፣ ለልጅ ልጆቹ። ግን ወረቀቱን ሰቅሎ ያየው ነበር። ‹አልሰረቅሁም፣ አልከዳሁም፣ ሂድ ባሉኝ ሄድኩ፣ ታዲያ ምነው አላውቅህም አሉኝ?› ይለኝ ነበር ሌሊት። ቀን አይናገራትም።»

ቃኘው ሻለቃ ሆነው ኮሪያ የዘመቱት ከ6 ሺህ በላይ ወታደሮች አፍንጮ በር ላይ ሐውልት አላቸው፤ የሩቋ ኮሪያ ለልጅ ልጆቻቸው ሳይቀር የትምህርት ዕድል ትሰጣለች። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው ትግላችን ሐውልት ላይ በኦጋዴን ጦርነት የሞቱ ኩባውያን ምስላቸው ተሰድሯል። የሚገባቸው ነው። አሥር አለቃውን ግን ከሞቱ በኋላ የመዘገባቸው፣ ምናልባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ ያቋቋመው የምርምር ማዕከል ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሄደ፣ ማን በምን እንደሞተ ይመዘግባል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ሞትን እንዲህ በጥንቃቄ መመዝገብ ከተቻለ፣ አገልግሎትን ቤት ለቤት ጠይቆ መመዝገብ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ነሐሴ 2013 ላይ ጦርነቱ ራሱ ወደ ቤታቸው መጣ። የሕወሓት ኃይሎች በሊማሊሞ በኩል ገፍተው ደባርቅ ግንባር ሆነች፤ ዳባት ወረዳ ጭና ተክለሃይማኖት ውስጥ በርካታ ሲቪሎች ተገደሉ። መንግሥት በዚያን ጊዜ የቀድሞ ሠራዊት አባላትን ጠራ። አላውቅህም የተባሉት አዛውንት ሳያመነቱ ወጡ፤ መሣሪያ ስላልደረሳቸው የሰፈሩን ወጣት ምሽግ አቆፋፈር ሲያሳዩ ሰነበቱ። ከዚያ ደግሞ ከማይ ዓይኒና ከዓዲ ሐሩሽ የወጡ ኤርትራውያን ስደተኞች ዳባት ወረዳ ዓለምዋጭ ሰፈሩ። ከጎረቤቱ ያጉረመረመ ነበር። አሥር አለቃው አንድ እንስራ ኮረፌ ጠላና የገብስ ዳቦ አስጭነው ሄዱ።

«ተው ብለው እንቢ አለ» አሉ እኚሁ እናት። «‹ከአሥመራ ስንወጣ ከረን መንገድ ላይ አንዲት እናት ውኃ አጠጥታኛለች፤ ልጇን የገደልኩ ልሆን እችላለሁ፣ እሷ ግን አጠጣችኝ› አለኝ። ሲመለስ ጸጥ አለ። እነሱም አጎርሰውታል።»

ጡረታው ስለቀረ የደረሰው ጉዳት ይህ ነው፦ ሁለተኛው ልጅ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ሑመራ የሰሊጥ ማሳ ወረደ፤ አሥር አለቃው የሽንት ሕመማቸውን ለማሳየት ወጪውን ፈርተው ዘገዩ፤ በጊዜ ቢያዝ ኖሮ ማለት አሁን ለማንም አይጠቅምም።

ሕጉ ለሟች ሚስት የባሏን አበል ግማሽ ይሰጣል። ሙሉው ስላልተፈቀደ ግማሹ የሚቆረጥበት የለም። አስተማሪዋ ልጃቸው አዲስ ማመልከቻ ጽፋለች፤ አብረው የዘመቱ ምስክሮች ያስፈልጋሉ ተብላ አንዱን አዘዞ አግኝታለች፣ ሌላውን እያፈላለገች ነው። ምስክር ስትፈልግ በአባቷ ዕድር ውስጥ እንደ እሳቸው ፋይል አልባ የሆኑ ሌሎች ሽማግሌዎች ስላገኘች የሁሉንም ቃል እየጻፈች ነው፦ በየት ተመለመሉ፣ የትኛው ክፍል ነበሩ፣ አዛዣቸው ማን ነበር፣ የት ቆሰሉ፣ በየት በኩል ተመለሱ። ጽሑፉን ሻይ ላዘዙልኝ ኃላፊ ቢሮ አስገብታለች። ገቢ ተደርጎ ቁጥር ተሰጥቶታል።