በግ ጨራሹ ቀበሮ እና ሌሎች የጭላሎ መንገድ ወሬዎች

ከአሰላ ወደ ጭላሎ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ እግሩ ሳይዝል ጆሮው በወሬ ይሞላል። ተረቱን የሚያበዛው እረኛው ይመስለን ይሆናል። እንደኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከብት እየጠበቀ ያደገ ሰው በአብዛኛው ያየውን ነው የሚያወራው፤ የምንጨምርበት ከታች የመጣነው ነን።

ከቀይ ቀበሮ እንጀምር። «በግ ጨራሽ ነው» ይባላል። ምግቡ ግን ከሞላ ጎደል አይጥ ነው፤ ቀጭኑና ረጅሙ አፉም ለዚያ የተሠራ ነው። ከዘመዶቹ ጋር በቡድን ይኖራል፣ ግዛቱንም በጋራ ያስከብራል፣ ለአደን ሲወጣ ግን ብቻውን ነው። ግልገል ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም፤ አልፎ አልፎ ይነካል። ሆኖም ሌሊት ከበረት ለጠፋ በግ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጅብ ነው፤ ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የሚያድነው በቀን ብርሃን ነውና።

በኦሮምኛ ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ የሚለው ነው። ለመውለድ የደረሰች ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ይበላል ይላሉ። የከተማ ሰው ይህ ንጹሕ ተረት ይመስለዋል፤ ከከብት ጋር መታየቱ ግን ተረት አይደለም። ባሌ ላይ ያጠኑ ሰዎች ቀበሮው በከብት መንጋ መሐል ተሸሽጎ አይጥ ሲያድን ተመልክተዋል። እንግዲህ ከመንጋ አጠገብ የሚታየው በግ ፈልጎ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

«ጥይት ካልነካው ማን ይነካዋል?» የሚለውም ስሕተት ነው። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች በ1991–92፣ በ2003 እና በ2008 (ዓመቶቹ እዚህም ከታችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ የአርሲ ተራሮችም ከመጨረሻ መኖሪያዎቻቸው መካከል ናቸው። አየርላንዳውያን ተኩላቸውን የጨረሱት ለገዳዩ ሽልማት እየከፈሉ ነበር፤ የመጨረሻው በ1786 በሌንስተር ተራራ አካባቢ እንደተገደለ ይነገራል። እኛ ሽልማት አልከፈልንም፤ ያልተከተበ ውሻ እያስከተሉ ወደ ተራራው መውጣት ግን ያለ ሽልማትም ይጨርሳል።

ስለ ደጋ አጋዘን ደግሞ የተማረው ሰው የሚደግመው ተረት አለ፤ «አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 አገኘው» የሚል። በክስተን በዚያ ዓመት ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች አንዱን ገድሏል፤ ሪቻርድ ላይደከር በ1910 በሳይንስ ስም ሰይሞታል፤ ይህ እውነት ነው። ማግኘት የሚለውን ግን ማን ይቀበለዋል? የአርሲ ሰው ሥጋውን ለምግብ፣ ቀንዱን ለወተት ዕቃ ጡጦ ሲጠቀምበት የኖረ እንስሳ ነው። በ10 ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸውም እሱ ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ቀንድ አልባዋን እንስት አይቶ «ሌላ ዓይነት ነው» የሚል መንገደኛ አይጠፋም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ጃርት እሾኋን እንደ ጦር አትወረውርም፤ ወደኋላ እየገፋች ትወጋለች፣ የነካው ሰውነት ላይ እሾኋ ተነቅሎ ይቀራል። እስስት መርዝ የላትም፤ ድንጋይ የሚወረውርባት ሰው የሚገድለው ነፍሳት ለቃሚ ምስኪን ነው። ጅብም የሌላውን ትራፊ ብቻ የሚለቅም ፈሪ አይደለም፤ ራሱ አድኖ ይበላል፣ በመንጋውም የበላይዋ ሴቷ ናት። ሰው ወደ ጅብ ስለ መለወጡ የሚወራውን ለማስተባበል ግን ቦታ አልፈጅም።

አንዳንዱ ወሬ ደግሞ ተረት መስሎ እውነት ይሆናል። ከአስታው በላይ በብርድ የሚቆመው ጅብራ ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል ሲሉ ሰምቼ ማጋነን መስሎኝ ነበር፤ እጽዋት አጥኚዎችም ይኸንኑ ነው የሚሉት።

ከእንስሳቱ ይልቅ በተረት የተሸፈነው ሲንቄ ነው። የአርሲ ሴት በእጇ የምትይዘውን ቀጭን በትር ብዙ እንግዳ የጌጥ ነገር፣ ወይም የጥንት እምነት ቅሪት አድርጎ ይቆጥረዋል። ሲንቄ ግን የሕግ ዕቃ ነው። ስታገባ እናቷ ትሰጣታለች። ሁለት ወገን ሲጣላ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መካከል ከገቡ ወንዶቹ መሣሪያቸውን ያወርዳሉ። ባል ሚስቱን ቢበድል ሴቶቹ ተሰባስበው ቤታቸውን ጥለው ሊወጡ ይችላሉ፤ ነገሩ በሽማግሌ ታይቶ ካሳ እስኪወሰን አይመለሱም። ዝናብ ሲጠፋም በአቴቴ ሥርዓት ወጥተው እየዘመሩ ይለምናሉ። ዩኔስኮ በ2016 ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ አድርጎ የመዘገበው የገዳ ሥርዓት ከዚህ የሴቶች ሥልጣን ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ስለዚህ መንገድ ላይ ሲንቄ ይዘው በሰልፍ የሚሄዱ እናቶች ቢያጋጥሙዎት ስልክዎን ለፎቶ አያውጡ፤ ከመንገዱ ፈቀቅ ብለው ያሳልፏቸው፤ በሰልፉ መካከል ማቋረጥ ነውር ነው።