ፎር ዊል ያስነሳል፣ የሚያቆመው ግን ጎማ ነው

ፒክ አፕ ያለው ሰው በበረዶ ወራት የሚተማመነው በፎር ዊሉ ነው። ፎር ዊሉን ሲያስገባ መኪናው ከቆመበት በረዶ ውስጥ ያለ ብዙ ትግል ይወጣል፤ ትንንሾቹ መኪኖች ዳገት ላይ ሲንሸራተቱ እሱ አልፏቸው ይሄዳል። ከዚህ በኋላ በረዶው የተሸነፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ሞተሩ አራቱንም ጎማ መግፋቱ የሚጠቅመው ለመነሳትና ለመውጣት ነው። ፍሬን ሲረገጥ ትንሿ የቤት መኪናም ሆነች ትልቁ ፒክ አፕ እኩል በአራት ጎማ ነው የሚያዙት። እዚያ ላይ ፎር ዊሉ የሚጨምረው ነገር የለም። መኪናው የሚቆመው ጎማው መንገዱን በያዘው ልክ ነው።

በአሜሪካ ኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ካለችው ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወጣውን አይ-70 አውራ ጎዳና እንውሰድ። ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸውና ይህን መንገድ የሚያውቀው አንባቢ ጥቂት አይደለም። መንገዱ የሮኪ ተራሮችን እየወጣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ወደሚገኘው የአይዘንሃወር ዋሻ ይደርሳል። ከዋሻው በስተምዕራብ ደግሞ እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ቁልቁለት ይጠብቃል፤ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር መውረድ ማለት ነው። ፎር ዊል ያለው ፒክ አፕ በደካማ ጎማም ቢሆን እስከ ዋሻው አፍ ይወጣ ይሆናል። የጎማው ድካም የሚታወቀው ቁልቁለቱ ሲጀምር ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ጎማ የተሸከመውን ክብደት ስንት እጁን ወደ መያዣ ኃይል እንደሚቀይር የሚነግረን የሰበቃ ቁጥር ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ቁጥሩ 0.8 አካባቢ ነው። መኪና የጠቀጠቀው በረዶ ላይ ወደ 0.2 ወይም 0.3 ይወርዳል፤ እንደ መስተዋት የሚያበራ ግግር በረዶ ላይ 0.1 ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በደረቅ ሜዳ መንገድ ላይ 12 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ሰበቃው 0.25 በሆነበት በረዶ ላይ 40 ሜትር ገደማ፣ ግግሩ ላይ ደግሞ 100 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። አሁን ወደ 7 በመቶው ቁልቁለት እንመለስ። ጎማው በተጠቀጠቀው በረዶ ላይ 0.2 የሚይዝ ከሆነ መኪናው ለመቆም 76 ሜትር ያህል ይንሸራተታል፤ 0.3 የሚይዝ ከሆነ ግን 43 ሜትር ይበቃዋል። በወረቀት ላይ ኢምንት የምትመስለው የ0.1 ልዩነት ከ30 ሜትር በላይ መንገድ ናት። ፊት ለፊት የቆመ መኪና ካለ በዚያች ርቀት ውስጥ ሰዎች ተቀምጠዋል።

ታዲያ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ከጥርሱ ጥልቀት ይመስለዋል፤ ዋናው ምንጩ ግን የላስቲኩ ቅመም ነው። ላስቲክ የሚሠራው እርስ በርሳቸው ከተጠላለፉ ረጃጅም ሞለኪውሎች ነው። ሙቀት ሲኖር ሞለኪውሎቹ እንደ ልባቸው ይተጣጠፋሉ፤ ላስቲኩም በመንገዱ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ እየሰመጠ ይይዛል። ብርድ ሲበረታ እንቅስቃሴያቸው ይቀንስና ላስቲኩ ቆላ ውሎ ደጋ እንዳደረ ቅቤ ይጠጥራል። ለበጋ የተቀመመ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ጠባዩ መለወጥ ይጀምራል የሚባለው ለዚህ ነው። በረዶ ገና ሳይወርድ፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ እንኳ ብርዱ ብቻውን መያዣውን ይቀንሰዋል። የበረዶ ጎማ የሚቀመመው በብርድ ከማይደርቁ የላስቲክ ዓይነቶች ሲሆን፣ ሲሊካ የተባለ ከአሸዋ ጋር አንድ ዘር የሆነ ዱቄት ይጨመርበታል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ በጥፍር ሲጫኑት ይለሰልሳል። ለስላሳነቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ በሐምሌ ሙቀት አስፋልት ላይ ቢነዳ ቶሎ ያልቃል።

ጥርሱ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የበረዶ ጎማ ጥርሶች ሰፊ ቦይ የተደረገላቸው በረዶውን አራግፈው እንዲጥሉት ብቻ አይደለም። በረዶ ከበረዶ ጋር ሲነካካ ከላስቲክ ይልቅ ይያያዛልና ቦዮቹ ውስጥ የታጨቀው በረዶ መንገዱ ላይ ያለውን ይይዘዋል። በየጥርሱ ላይ ምላጭ የቆረጣቸው የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆችም አሉ። ይህን ሐሳብ ጆን ሳይፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1923 በፓተንት አስመዝግቦት ነበር። ስንጥቆቹ መንገዱን ሲነኩ ይከፈቱና ብዙ ጠርዝ ይፈጥራሉ፤ ግግር በረዶ ላይ ያለችውን ስስ የውሃ ሽፋንም ይጠርጋሉ። አንሸራታቹ ያቺ ሽፋን ናት። ብርዱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን መንገዱ ከዜሮ በታች 20 ላይ ካለው ይልቅ የሚያንሸራትተውም ለዚህ ነው። ለስላሳ ብርድ ሲሆን ዘና የሚል ሾፌር ይህን ቢያስታውስ ይበጀዋል።

የዚህ ጎማ ታሪክ ከጭነት መኪና ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 በፊንላንድ ዛሬ ኖኪያን ታየርስ የሚባለው ኩባንያ ለበረዶ መንገድ ታስቦ የተሠራውን ጎማ ሲያወጣ መጀመሪያ ያሰበው ለጭነት መኪኖች ነበር፤ ሃካፔሊታ የተባለው የቤት መኪና ጎማ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቀጥሎ ያለውን ትልቅ እርምጃ ጃፓን አመጣችው። በዚያ አገር ሾፌሮች ጎማቸው ላይ የብረት ሚስማር ያስተክሉ ነበር። ሚስማሩ በረዶውን ይወጋል፤ በረዶ በሌለበት ግን አስፋልቱን ይፍቃል፤ አቧራው የሰሜን ከተሞችን አየር አበላሸ። ይህን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ1990 ሕግ ወጣ። የጃፓኑ ብሪጅስቶን ከሕጉ ቀደም ብሎ በ1988 ያወጣው ብሊዛክ የተባለ ጎማ ያለ ሚስማር የሚሠራ ነበር፤ ላስቲኩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉ የግግሩን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዛሬም ባለ ሚስማር ጎማ በኮሎራዶ ሲፈቀድ በሚኒሶታ ለነዋሪው የተከለከለ ነው፤ ከመግዛት በፊት የሚኖሩበትን ክፍለ ግዛት ሕግ ማየት ያስፈልጋል።

እስካሁን ያልነው ለማንኛውም መኪና ይሠራል። ፒክ አፕ ግን የራሱ ችግር አለው፤ ኋላው ቀላል ነው። 2,300 ኪሎ የሚመዝን ባዶ ፒክ አፕ ብንወስድ ሞተሩና ጋቢናው ፊት ስለሆኑ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ የሚያርፈው በፊት ጎማዎች ላይ ነው። ለኋላዎቹ የሚተርፋቸው 920 ኪሎ ነው። ፎር ዊል ካልገባ ደግሞ መኪናውን የሚገፉት እነዚሁ የኋላ ጎማዎች ናቸው። ሰበቃው 0.2 ከሆነ ኋላው ሊገፋ የሚችለው ከመኪናው ክብደት 8 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ 7 በመቶ ዳገት ይህን ሊጨርሰው ምንም ስለማይቀረው ባዶ ፒክ አፕ ኋላው እየተወዛወዘ ባለበት ሊቀር ይችላል።

ለዚህ የቆዩ ሾፌሮች መፍትሔ አሸዋ ነው፤ ካሶኒው ላይ ጆንያ አሸዋ ይጭናሉ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን እስከ የት እንደሚያደርስ ማወቅ ይገባል። 150 ኪሎ አሸዋ በኋላ አክሰል ላይ ቢጫን የኋላው ክብደት 16 በመቶ ይጨምራል። መኪናውም በዚያው ልክ ስለከበደ ለመነሳት የሚገኘው እውነተኛ ትርፍ 9 በመቶ ገደማ ነው። ለማቆም የሚገኘው ትርፍ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል፤ መያዣው ሲጨምር መቆም ያለበት ክብደትም እኩል ይጨምራልና። አሸዋው በዋናነት የሚጠቅመው ኋላው እንዳይወዛወዝ ነው። ጆንያው አክሰሉ ላይ እንጂ ወደ ካሶኒው መዝጊያ ተገፍቶ አይቀመጥ፤ ከአክሰሉ አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ ፊቱን ያነሳውና መሪውን ያቀለዋል። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ጋቢናው እንዳይወረወርም በገመድ ይታሰር። ጎማውን ከ0.2 ወደ 0.3 የሚያሻግር ሰው ግን በመነሳትም፣ በመዞርም፣ በመቆምም 50 በመቶ ያገኛል። ይህን የሚያህል አሸዋ የሚጭን ካሶኒ የለም።

ጎማ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት በጎማው ጎን ላይ የተቀረጸውን ምልክት ነው፤ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣው ይህ ምልክት የሚሰጠው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ከማነጻጸሪያ ጎማ ቢያንስ 10 በመቶ የተሻለ ስቦ ለሚነሳ ጎማ ነው። ኤም እና ኤስ የሚሉት ሁለት ፊደሎች ግን የሚናገሩት ስለ ጥርሱ ቅርጽ እንጂ ስለ ፈተና አይደለም፤ በእነሱ ብቻ አትመኑ። የተራራው ምልክትም ቢሆን የመነሳት ፈተና ነው። ግግር በረዶ ላይ ስለ መቆም የሚነግረን ነገር የለም፤ ምልክቱ ያለበት ኦል ቴሬን (ለሁሉም ዓይነት መንገድ የሚሠራ) ጎማና እውነተኛ የበረዶ ጎማ እኩል የማይሆኑት ለዚህ ነው።

በፒክ አፕ ባለቤቶች ዘንድ ትልቁ ስሕተት ለጭቃ የተሠራውን ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ ለበረዶ ይሆናል ብሎ ማመን ነው። መልኩ ኃይለኛ ነው፤ ጥልቅ የላላ በረዶ ውስጥም ይቆፍራል። ነገር ግን ጥርሶቹ ትልልቅ ድፍን ቁራጮች ናቸው፣ ስንጥቅ የላቸውም ወይም ጥቂት ነው፣ ላስቲኩም ድንጋይ እንዳይቆርጠው ተብሎ የጠነከረ ነው። ጠዋት ጠዋት ግግር የሚሆነው የከተማ መንገድ ላይ ከዚህ የባሰ ምርጫ አላውቅም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ዴንቨር ከተማ ውስጥ ለሚውል፣ በረዶው ወርዶ ቶሎ ለሚቀልጥለት ሰው የተራራው ምልክት ያለበት ኦል ቴሬን ይበቃዋል፤ ዓመቱን ሙሉም ይነዳዋል። በየሳምንቱ ተራራ የሚሻገር፣ ወይም በሚኒያፖሊስ፣ በካልጋሪ፣ በኤድመንተን የሚኖር ሰው ግን አራት እውነተኛ የበረዶ ጎማ ይግዛ፤ ከተቻለም ከነቸርኬው። ለበጋና ለበረዶ ለየብቻ አራት አራት ጎማ ያለው ሰው አንዱ ሲያርፍ ሌላው ስለሚሠራ ሁለቱም ይቆዩለታል። ቸርኬውን ሲመርጥ መኪናው ከሚፈቅደው ውስጥ ጠበብ ያለውን ልኬት ይምረጥ፤ ጠባብ ጎማ ያንኑ ክብደት በትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ የላላውን በረዶ ሰንጥቆ ወደ መንገዱ ይወርዳል። የመሸከም አቅሙ ግን በሾፌሩ በር ላይ ከተለጠፈው እንዳያንስ። ከባድ ጭነት ለማይጭን ወይም ተጎታች ለማይስብ ሰው ባለ ወፍራም ጎን የጭነት ጎማ አያስፈልገውም፤ ባዶ ካሶኒ ሥር እንደዚያ ያለ ድርቅ ያለ ጎማ መንገዱ ላይ በደንብ አይተኛም።

ሁለት ብቻ ገዝቶ ከኋላ ማስገባት ገንዘብ የሚያድን ይመስላል። ውጤቱ ግን የሚገፋ እንጂ የማይታጠፍ መኪና ነው፤ መሪው ይዞራል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከፊት ብቻ ከሆነ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ኋላው ዞሮ ፊት ይሆናል።

ነፋስም ይለካ። ብርዱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የጎማው ግፊት 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት የተሞላ ጎማ ከዜሮ በታች 20 ላይ 7 ፒኤስአይ ጎድሎት ይገኛል። ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብብ፤ 3523 ማለት እ.ኤ.አ. በ2023 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ በብዙ አገር ሕግ እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ቢፈቀድለትም በረዶ ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ብዙ አይጠቅምም። የኮሎራዶ ሕግም ከዴንቨር ወጣ ብሎ ካለው ሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው የአይ-70 ክፍል ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የሚጠይቀው 4.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን ያሟላ ፎር ዊልን ያሳልፋል። በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ግዛት ከዚህ ርቃ ሄዳለች፤ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ፎር ዊል ያለውም የሌለውም መኪና የበረዶ ጎማ የግድ እንዲያስገባ ታዛለች። በእኔ እምነት ትክክለኛው የኩቤክ ነው።

ከመጀመሪያው በረዶ በኋላ በየጎማ ቤቱ ወረፋው ይረዝማል፣ የሚፈለገው ልኬትም ያልቃል። ፒክ አፕ ይዛችሁ በበረዶ አገር የምትኖሩ ወገኖች ኦክቶበር ሳይወጣ፣ የጠዋቱ ብርድ ወደ 7 ዲግሪ ሲጠጋ፣ አራቱንም አስቀይሩ።