ለቪዛ የተገዛው ኢንሹራንስ የእናታችሁን ስኳር ያሳክማል?

ቡታጅራም ወልቂጤም ልጅ ውጭ አገር ያለው ቤት ብዙ ስለሆነ፣ በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ እናቴ ስኳርና ግፊት አለባት። እህቴ ወልዳ ልታርሳት ጀርመን ልትሄድ ነው። ኢንሹራንስ ተገዝቷል፤ ብትታመም ይሸፍናል አይደል?»

ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው የጉዞ ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ኤምባሲው ገንዘቡን፣ ቀኑንና አገሮቹን ያያል እንጂ የእናታችሁ ስኳር ውሉ ውስጥ መግባቱን አይጠይቅላችሁም። ወድቀው እግራቸው ቢሰበር ወይም ትርፍ አንጀት ቢነሳባቸው ይከፈላል። ከጉዞው በፊት የነበረ በሽታ ግን በአብዛኞቹ ውሎች «የማይሸፈኑ» ከሚባሉት ነው፤ ያውም ማንም በማያነበው ደቃቅ ጽሑፍ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ድንገተኛ» በምትለው ቃል ነው። የግፊት ታማሚ ስትሮክ ቢመታው ለእኛ ለሐኪሞች ድንገተኛ ነው። ለኢንሹራንሱ ግን የድሮው ግፊት ውጤት ነው። ስም ያልወጣለት በሽታም አይቀርም፤ ደረታቸውን እየወጋቸው ምርመራ ታዝዞላቸው ሳይመረመሩ ከሄዱ፣ ብዙ ውሎች «ምልክቱ ቀድሞ ነበር» ይላሉ። ከጉዞው ጥቂት ቀደም ብሎ መድኃኒት ከተቀየረም «በሽታው አልተረጋጋም» የሚሉ አሉ።

«ታዲያ ባንናገርስ፣ በምን ያውቃሉ?» ትሉኛላችሁ። እዚያ ያለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን በሽታ አለብዎት? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ነው። እናታችሁ መናገር አለባቸው፤ ካልተናገሩ ሕክምናው ራሱ ሊጎዳቸው ይችላል። የተናገሩት ካርዳቸው ላይ ይጻፋል፣ ድርጅቱ ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ካርዱን ያስመጣል። ፎርሙ ላይ «የለባቸውም» ተብሎ ከተሞላ፣ በዚሁ ምክንያት ሌላውንም ክፍያ ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ «ስኳሯን ሳትጠቅስ ጻፍልኝ» ለምትሉኝ፣ አልጽፍም፤ የሚጎዳው እሳቸውን ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት በሽታውን በስሙ ጠርታችሁ «ይሄን ትሸፍናላችሁ? እስከ ስንት?» በሉ። ተጨማሪ ክፍያ ተቀብለው የሚሸፍኑ አሉ፤ ድንገት ሲብስ ብቻ፣ ያውም በገደብ የሚሸፍኑም አሉ። የዕድሜ ገደቡንም ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ሻጩ በቃል ያለው ኋላ አይጠቅማችሁም። (ቀበሌ የምታሳድሱት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ ከአገር ውጭ አይሠራም።)

ለክትትል ቀደም ብላችሁ አምጧቸው፤ መድኃኒት መቀየር ካለበት ሻንጣ እየታሰረ አይሁን። የበሽታውና የመድኃኒቱ ስም በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ደብዳቤ ያዙ። መድኃኒቱ ለቆይታው ሙሉ የሚበቃና ትንሽ ትርፍ ያለው፣ ከነካርቶኑ በእጅ ሻንጣ ይሁን። በተለይ ኢንሱሊን ጭነት ውስጥ አይግባ፤ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ይበላሻል።

እዚያ ከታመሙ ውሉ ላይ ባለው የድንገተኛ ስልክ ቶሎ ደውሉ፤ ሳይነገረው ለተደረገ ሕክምና አልከፍልም የሚል አለ። ደረሰኙንና የሐኪሙን ሪፖርት አትጣሉ። ክፍያ ከተከለከላችሁ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁና ለድርጅቱ ይግባኝ አስገቡ። ኢንሹራንሱ የተገዛው እዚህ አገር ከሆነ፣ የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ አቤቱታችሁን ወደዚያ መውሰድ ትችላላችሁ።